ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ የሚሆን ትንሽ ስፖርት ሞተር፦ 150፣ 200 ወይስ 300 ሲሲ?

ዓባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ የለመድኩት ቦክሰር ላይ ነው። አሁን ፌሪንግ (የሞተሩን ጎንና ፊት የሚሸፍን ፕላስቲክ) ያለው ትንሽ ስፖርት ሞተር ልገዛ ነው፣ ያገለገለ። ሦስት አግኝቻለሁ፦ ያማሃ አር15 ቨርዥን 3፣ ባጃጅ ፐልሰር አርኤስ200 እና ካዋሳኪ ኒንጃ 300። በየቀኑ ከዓባይ ማዶ መሃል ከተማ እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ ወረታ፣ አንዳንዴ ወደ ጢስ ዓባይ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ66፣ ክብደቴ 58 ኪሎ። የትኛው ይሻለኛል? ስገዛ ምኑን ልይ? እዚህ ቶሎ የሚበላሸውስ ምናቸው ነው?

ካቴና_ፈታሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አር15፦ 155 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ 19 የፈረስ ጉልበት አካባቢ፣ ክብደቱ 140 ኪሎ ግድም፣ መቀመጫው ከመሬት 815 ሚሊ ሜትር፣ ታንኩ 11 ሊትር። አርኤስ200፦ 199.5 ሲሲ፣ እሱም አንድ ሲሊንደር፣ 24.5 ጉልበት፣ 165 ኪሎ፣ 810 ሚሊ ሜትር፣ 13 ሊትር። ኒንጃ 300፦ 296 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 39 ጉልበት፣ 172 ኪሎ ግድም፣ 785 ሚሊ ሜትር፣ 17 ሊትር።

አሁን ከጉልበቱ ላይ ቀንስ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ 18 በመቶ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ኢንጂንም በዚያው ልክ ይደክማል። የአር15 19 እዚህ 15 እና 16 መሃል ነው፤ የአርኤስ200 20፣ የኒንጃው 32። ሦስቱም በኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየመጠነ በሚረጭ) የሚመጡ ስለሆኑ ሴንሰሩ ቤንዚኑን ይመጥናል፣ ጭስ አያበዛም፤ የጎደለውን አየር ግን ማንም አይመልሰውም። ብሮሹር አንብቦ «ለምን አይሄድም?» ብሎ ጋራዥ ለጋራዥ የሚዞር ሰው ብዙ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ቦታው ነው።

መቀመጫውን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ባዶ እግርህን ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ጠንካራ መጽሐፍ በጭንህ መሃል እስከ ላይ አስጠጋና ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጠርዝ ለካ። በአንተ ቁመት 75 ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። 815 ላይ ስትቀመጥ ሾኩ ትንሽ ይወርድልሃል፣ የአር15 መቀመጫም ፊቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም እግር ጣትህና የጣትህ መነሻ መሬት ይነካል፣ ተረከዝህ አይነካም። ኒንጃው ላይ ተረከዝህ ሊደርስ ይችላል፣ ግን ካዘነበለብህ የምትይዘው ከ30 ኪሎ በላይ ይበልጣል።

ምርጫዬ አር15 ነው። ምክንያቱ ክብደቱና ካቴናው ነው፤ ካቴናውን ነገ እጽፋለሁ።

ሰባታሚት_7 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

በዚህ አልስማማም። ሰውየው ወረታ እሄዳለሁ ብሏል። ከሐሙሲት ወዲያ ሲኖትራክ ተከትለህ በ60 እየሄድክ ልትቀድም ስትል 15 ጉልበት ያለው ሞተር ሁለት ማርሽ ዝቅ አድርገህም 90 እስኪደርስ ብዙ አስፋልት ይበላል። ያን ያህል ጊዜ በተቃራኒ መስመር ላይ መቆየት ነው አደጋው። ኒንጃው ሁለት ሲሊንደር ስለሆነ ከታች ለስላሳ ነው፣ እጅህ ቢንቀጠቀጥም አይፈነጥርም። የ300 ሲሲ ጉልበት ጀማሪን አይገድልም፤ 600 ነው የሚገድለው።

ካቴና_ፈታሽ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ለመቅደሙ ልክ ነህ። ግን በሳምንት አንዴ የሚቀደም ሲኖ በቀን አራቴ ከሚታለፍ ኮብልስቶንና ድንገት ከሚቆም ባጃጅ ጋር አይመዘንም (ባለሦስት እግሩን ማለቴ ነው)። ለጀማሪ ሞተር የሚወድቀው በ90 አይደለም፣ በ5 ነው፦ ዞሮ ሲመለስ፣ ኮብልስቶን ላይ ሲቆም፣ ጎን መቆሚያውን ሳያወርድ ሲወርድ። የስፖርት ሞተር መሪ ብዙ አይታጠፍም። ቦክሰር በአንድ ጊዜ የሚዞርበት መንገድ ላይ አር15 ወደኋላ ተገፍቶ ነው የሚዞረው። መሪውን እስከ ጥግ ስታጥፈው አውራ ጣትህ በእጀታውና በታንኩ መሃል እንዳይጣበቅ ከመግዛትህ በፊት ቆመህ ሞክረው።

ዳዶ_13 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከጋራዥ በኩል ልጨምር። የሦስቱን ኢንጂን ጥገና ስታወዳድር ልዩነቱ እዚህ ነው።

አር15 ባለ አንድ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ አራት ቫልቭ ነው። የቫልቭ ክፍተቱ በቡሎንና በዳዶ ይስተካከላል፣ ስፔሶሜትር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ያለው መካኒክ ሁሉ ይሠራዋል። ኢንጂኑ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ሞቆ የተለካ ክፍተት ውሸት ነው። ኒንጃ 300 ግን ከካሙ ሥር በሚገባ ሺም (ትንሽ ዝርግ ብረት) ነው የሚስተካከለው፦ ካሙ ይወጣል፣ ሺሙ በማይክሮሜትር ይለካል፣ ልዩነቱ ተሰልቶ ሌላ ሺም ይታዘዛል። የሚደረገው ከስንት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፣ ግን ሲደረግ ሺሙ ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ አይጠብቅህም። ካሙን መልሶ ሲያስር የታይሚንግ ምልክቱን አንድ ጥርስ ያሳተ ሰው ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል።

አርኤስ200 አንድ ሲሊንደር ላይ ሦስት ካንዴላ አለው። ብዙ ሰው የሚታየውን አንዱን ብቻ ቀይሮ ይመልሳል፤ ሌሎቹ ተደብቀው ስለሚቀመጡ ይረሳሉ። ሞተሩ ሲሞቅ የሚንቀጠቀጥ፣ ከ6000 ዙር በላይ የሚደናቀፍ፣ ነዳጅ የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ ሦስቱንም አውጣና ቀለማቸውን አወዳድር። አንዱ ጥቁር ሆኖ ሁለቱ ቡና ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የዚያ ካንዴላ ወይም የኮይሉ ነው፤ ኢንጀክተር አታስፈታ። ካንዴላ ሲመለስ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠመዘዛል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ዋጋው ከካንዴላው ጋር አይገናኝም።

ሦስቱም ውሃ ማቀዝቀዣ አላቸው። ይህ ለቦክሰር ልጅ አዲስ ነገር ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት የከተማው ልማድ ነው። በ1800 ሜትር ከፍታ ተራ ውሃ 94 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል፣ 100 አይደርስም። እስከ 100 እና ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ መፍላት ይጀምራል። ሰው ግን ቬንትሌተሩን ይወቅሳል፣ ቴርሞስታት ያስወጣል፣ ጋርኒሲዮን ያስቀይራል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር። ከዚያ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርገህ ሙላ፣ ኢንጂኑን ክዳኑ ክፍት እያለ አስነስተህ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ሙላና ዝጋ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ጠባቡን ቱቦ ከውስጥ ይለብጠዋል። የሞቀ ክዳን በፍጹም አይከፈትም፤ ቢያንስ 40 ደቂቃ።

ከውጭ ደግሞ የራዲያተሩን ክንፎች ተመልከት። ወደ ማታ ከሐይቁ ዳር የሚነሳው ትንኝና የጠጠር መንገድ ጭቃ አንድ ላይ ይደርቁበታል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ አታሳጥበው፣ ክንፎቹ እንደ ወረቀት ይታጠፋሉ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ ከኋላ ወደ ፊት።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ዳዶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘይቱስ? ለቦክሰር የምንጠቀመው 20ደብሊው-50 ለአር15 ይሆናል? የመኪና ዘይት ርካሽ ነው ያሉኝም አሉ።

ዳዶ_13 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

የመኪና ዘይት አታስገባ። እዚህ ኢንጂኑ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ነው የሚታጠቡት። ለመኪና የተሠራ ዘይት ብዙ ጊዜ መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም አለው፤ ፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ሲደርስ ያንሸራትተዋል። ምልክቱ፦ 5ኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስትሰጥ ዙሩ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይፈጥንም። ከጣሳው ጀርባ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» (JASO MA2) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ። ለአር15 10ደብሊው-40፤ መጠኑ ከአንድ ሊትር ብዙ አይርቅም። አርኤስ200 20ደብሊው-50 ይወስዳል። ዘይቱን ስትለካ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በጎን መቆሚያ ላይ እያለ የምታየው ልክ አይደለም። ከልክ በላይ መሙላትም ጉዳት ነው፦ ትርፉ በእስትንፋስ ቱቦው ወደ አየር ፊልትሮ ይሄዳል።

እታለም_ሞተር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡45

ቁመትን በተመለከተ፦ 1.60 ለሆነ ሰውም አር15 ይነዳል፣ መንገዱ ሌላ ነው እንጂ። ስትቆም ሁለት እግር አታውርድ። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ፣ ዳሌህን በመቀመጫው ላይ ሁለት ጣት ወደ ግራ አንሸራት፤ ግራ እግርህ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። መንገዱ ወደ ግራ ካዘነበለ ደግሞ እግርህ የሚያርፍበትን ከመቆምህ በፊት ምረጥ።

የኋላ ሾኩን ማያያዣ ቀይሮ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ይመክሩሃል። አታድርገው። አር15 ከመሬት 170 ሚሊ ሜትር፣ አርኤስ200 157 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ያላቸው፤ የከተማው የፍጥነት መቀነሻ ላይ የሆድ ፌሪንጉ ይላጣል፣ ጎን መቆሚያውም ስለሚረዝም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ በንፋስ ይወድቃል። የግድ ከሆነ የመቀመጫውን ስፖንጅ በልብስ ሰፊ ሳይሆን በሶፋ ሠሪ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፊት ጠርዞቹ ላይ አስቀንስ። ከዚያ በላይ ከሄደ ዘጌ ሳትደርስ ብረቱ ላይ ትቀመጣለህ።

ኮብልስቶን ላይ የስፖርት ሞተር ክብደትህን ወደ እጅህ ያመጣዋል። አንጓህ ካመመህ መሪውን አጥብቀህ ይዘሃል ማለት ነው። ታንኩን በጉልበትህ ቆንጥጥ፣ ክርንህን አላላ፣ መቀመጫህን በጣም በትንሹ ከፍ አድርግ፤ መሪው በእጅህ ውስጥ ይወዛወዝ፣ ራሱ ይስተካከላል። ሁለተኛ ማርሽ፣ የማይቆራረጥ ነዳጅ። የፊት ፍሬን ኮብልስቶን ላይ፣ ያውም ዘንቦ፣ በሁለት ጣት ብቻ።

ክረምት ላይ ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ዝናብ ነው። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ይቀልጣል፣ ገና አልታጠበም። የእግረኛ ማቋረጫ ነጭ ቀለም፣ የጉድጓድ ክዳን፣ ከዛፉ የወደቀ አበባ፣ ነዳጅ ማደያ መውጫ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ፤ በእነዚህ ላይ አትታጠፍ፣ ቀጥ ብለህ እለፋቸው።

ሰባታሚት_7 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እታለም ጨዋታውን ጨረሰችው። የቀረው ፍሬን ነው። ለጀማሪ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለውን ፈልግ፤ አር15 ቨርዥን 3 የመጀመሪያዎቹ ያለ ኤቢኤስ ነው የወጡት፣ ስለዚህ የፊት ጎማው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀለበትና ሽቦ ያለው ሴንሰር መኖሩን በዓይንህ እይ። የኤቢኤሱ መብራት ቁልፍ ስትከፍት በርቶ፣ ትንሽ ስትሄድ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፑሉን ነቅለውት ሊሆን ይችላል።

መለማመጃ፦ ሰፊ ባዶ ሜዳ፣ ደረቅ አስፋልት። በ30 እየሄድክ ምልክቱ ላይ ፍሬን ያዝ። ጥሩ ፍሬን ከያዝክ 6 ሜትር አካባቢ ላይ ትቆማለህ። በ60 ሲሆን 12 አይደለም፣ 23 ሜትር ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ አንድ ሰከንድ ለማሰብ ጨምር፦ በ60 ሌላ 17 ሜትር። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የፍሬኑን ርቀት በሁለት አባዛው። ፍሬኑ አይነጠቅም፣ ይጨመቃል፦ መጀመሪያ ሾኩ እስኪወርድ በለስላሳ፣ ከዚያ አጥብቅ።

ካቴና_ፈታሽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ቃል በገባሁት መሠረት፣ ካቴና።

ካቴና ላይ ቁጥር ተቀርጿል፦ 428 ወይም 520። 428 አር15ን ጨምሮ አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ከተማው ውስጥ ይገኛል። 520 ወፍራም ነው፤ እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ወይም በሰው ማስመጣት ነው። ግን ሲገዛ ሁልጊዜ ካቴናው ከሚዞርባቸው ከፒኞን (የፊተኛው ትንሹ ባለጥርስ) እና ከኮሮና (የኋለኛው ትልቁ) ጋር እንደ ስብስብ ይገዛ። አዲስ ካቴና በተበላ ኮሮና ላይ ማሰር ብር መጣል ነው፣ ጥርሱ እንደ ዓሣ መንጠቆ ከተጠማዘዘ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ያሳርረዋል።

መላላቱ፦ ጎማውን እያዞርክ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልግ፣ እዚያ ላይ ለካ። ካቴናው እኩል አይላላም፣ ላላ ባለበት ቦታ ላይ ለክቶ ያጠበቀ ሰው ጠባቡ ቦታ ሲመጣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎትታል። ትክክለኛው መጠን ስዊንጋርሙ (የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ) ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ከተላጠ ከታችኛው ካቴና መሃል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያዝ። ኋላ ያሉት ሁለት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን በካሊፐር ወይም በማስመሪያ አረጋግጥ፣ የተቀረጹት መስመሮች ራሳቸው አንዳንዴ ይዋሻሉ።

ማጠቢያ ላምባ ነው። ቤንዚን አይደለም፤ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያደርቃል፣ ውስጥ የታሸገው ግራሶ ይወጣል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የካምቢዮ ዘይት 90 በጨርቅ ቀባ፣ ትርፉን ጥረግ። በየ500 ኪሎ ሜትር፤ ጢስ ዓባይ ደርሰህ ከተመለስክ ወይም ከዘነበ ግን በዚያው ማታ። ግራሶ አትቀባ፣ አሸዋ ይዞ እንደ ሞረድ ይፈጨዋል።

በከፍታው ምክንያት ሞተሩ ደከመኝ የሚል ሰው ፒኞኑን አንድ ጥርስ ያሳንስ። 14 ከነበረ 13 ማለት በተመሳሳይ ፍጥነት 8 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዙር ነው፦ ከመነሻ ቀላል ይሆናል፣ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ቤዛዊት ሲወጣ አይንገፈገፍም። ዋጋው በወረታ መንገድ ላይ ይከፈላል፣ በ80 ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ፍጥነት መለኪያው የሚያነበው ከካምቢዮው ከሆነ ደግሞ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ይነግርሃል።

ዓባይ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

አንድ አር15 ቀጠሮ ይዣለሁ። ነገ አየዋለሁ። አንድ መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ፣ ግን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። በቅደም ተከተል ምን ልፈትሽ?

ዳዶ_13 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሻጩን አስቀድመህ «ሞተሩን አታሙቀው» በለው። ስትደርስ ኢንጂኑን በእጅህ ንካው፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሲቀዘቅዝ የሚያሳየው ችግር አለ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ያለ ነዳጅ እጀታ መነሳት አለበት። ሲነሳ ነጭ ሰማያዊ ጭስ የሚቆይ ከሆነ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሰከንድ ከሲሊንደሩ ግራ በኩል የውስጡ የካም ካቴና ድምፅ ከተሰማና ከጠፋ ቴንሽነሩ (ማጥበቂያው) ነው፤ ካልጠፋ ሞተሩን ትተህ ሂድ።

ወረቀት ከሞተሩ በፊት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ፣ የኢንጂን ቁጥሩን ከኢንጂኑ ላይ ራስህ አንብብ። የተፈጨ፣ ቀለም የተቀባ፣ ፊደሉ እኩል ያልሆነ ከሆነ ዋጋ አትጠይቅ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ እስከ መቼ እንደሆነ እይ።

ከዚያ መውደቁን ፈልግ። ፌሪንግ ይቀየራል፣ እነዚህ ግን አይዋሹም፦ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ የሚያርፍበት የሻንሲው ማቆሚያ ተጠፍጥፏል? የእግር ማሳረፊያው ጫፍ ተፍቋል? የፍሪሲዮን ሽፋኑ በፋይል ተስተካክሏል? ፊት ለፊት 5 ሜትር ርቀህ ቁጭ በልና የፊትና የኋላ ጎማው በአንድ መስመር መሆናቸውን እይ። የፌሪንጉ ቡሎኖች ልዩ ልዩ ዓይነት ከሆኑ ተፈትቶ ታስሯል፤ ያ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ኮብልስቶኑ ቡሎን ያራግፋል። ግን ለምን ብለህ ጠይቅ።

የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ አድርግና መሪውን በቀስታ ከግራ ቀኝ አዙር። መሃል ላይ እንደ ጉድጓድ ያለ ነገር ከያዘህ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ሾኩን ከታች ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋ፤ «ኳ» ካለ ልል ነው።

ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብብና ጠርዙን በጥፍርህ ዳስሰው። ትልቅ እርከን ካለ ቀጥኗል። ጎማው ላይ በአራት ቁጥር የተጻፈውን ፈልግ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርስ ቢኖረውም ያረጀ ጎማ እርጥብ ላይ ይንሸራተታል።

ባትሪ፦ ቴስተር ያዝ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.5 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ በ5000 ዙር ከ13.8 እስከ 14.5። ከ13 በታች ከሆነ ስታተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ወይም ሬክቲፋየሩ (ቮልቱን የሚመጥነው) ነው፤ ከ15 ከበለጠ ሬክቲፋየሩ ሞቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ጎን መቆሚያውን አውርደህ ማርሽ አስገባ፤ የመቆሚያ ስዊች ያለው ከሆነ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከሄደ ወይ ስዊቹ ያልነበረው የመጀመሪያው ቨርዥን 3 ነው፣ ወይ ስዊቹን በሽቦ አልፈውታል። ስዊቹ ጭቃ ስለሚጠጣ ክረምት ላይ ማርሽ ሲገባ የሚጠፋ ሞተር አለ፣ ለሰውም «ኢሲዩ (የኢንጂኑ ኮምፒውተር) ተበላሽቷል» ይባላል። ታጥቦ፣ ደርቆ ይሠራል፤ አይታለፍም። መቆሚያው ወርዶ የተነሳ ሰው የመጀመሪያው ግራ መታጠፊያ ላይ ነው የሚያውቀው።

ሰባታሚት_7 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ቤንዚን ደግሞ። እጥረት ሲኖር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ኢንጀክሽን ሞተር ውስጥ ከመጨመርህ በፊት ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዘህ 10 ደቂቃ አቁመው። ውሃ ከታች ይለያል፣ መስመሩ ይታያል። ላምባ ከተቀላቀለበት ግን በዓይን አይለይም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፣ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ላምባ ቅባት ያለው ክብ ይተዋል። ታንኩንም እስከ መጨረሻው ጠብታ አታድርስ። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው።

የጎማው ዓይነት ካላማዳሪያ የሌለው ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ከላይ በስትሪፕ እንዲደፍንልህ ንገረው፤ «ካላማዳሪያ ልክተትልህ» ካለ እሺ አትበል፣ በሌቫው የቸርኬውን ጠርዝ ይፍቀውና ከዚያ ወዲያ አየር አይዝም። ስትሪፕና ትንሽ ፓምፕ ከመቀመጫው ሥር ይገባል። ግፊት፦ ለአር15 ፊት 29፣ ኋላ 33 ፒኤስአይ፣ ጎማው ቀዝቅዞ። ጎሚስታ በግምት 40 ይሞላል።

ዓባይ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40

አየሁት። ቁጥሮቹ ይገጥማሉ፣ ቀዝቅዞ ተነሳ፣ ጭስ የለም፣ ባትሪው 14.2። መሪው ልስላሴ አለው። ሁለት ነገር አገኘሁ፦ የፊት ሾኩ ግራ እግር ላይ ዘይት ወርዷል፣ ኮሮናውም እንደ መንጠቆ ሆኗል። ሻጩ «ኦሪንጉ ነው፣ ምንም አይደል» ይላል። ልተወው?

ዳዶ_13 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡10

አትተወው፣ ቀንስበት። ኮሮናው የሙሉ ስብስብ ዋጋ ነው፤ ከዋጋው ላይ ይነሳ።

ሾኩ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛ፣ ከህንድ የመጣው ቨርዥን 3 ተራ ሾክ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ቱቦ ከላይ ነው። ከኢንዶኔዥያ የመጣው የተገለበጠ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ከታች፣ ፍሬኑ አጠገብ። የተገለበጠው ሲያፈስ ዘይቱ ቀጥታ ዲስክና የፍሬን ሸራ ላይ ይወርዳል። የትኛው ነው?

ሁለተኛ፣ ቱቦውን በጨርቅ ጥረግና ጥፍርህን ከላይ ወደ ታች ጎትተው። ከያዘህ ዝገት ወይም ጭረት አለ፤ አዲሱን ኦሪንግ በሁለት ሳምንት ይቆርጠዋል፣ ቱቦው ራሱ ይቀየራል። ካልያዘህ ሻጩ ልክ ነው፣ ኦሪንጉና የአቧራ መከላከያው በሁለቱም እግር ይቀየራሉ፣ ዘይቱም በሁለቱም እኩል መጠን ይገባል። አንዱን ብቻ መቀየር የለም።

ዓባይ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡55

ተራው ነው፣ የሚያብረቀርቀው ከላይ። ጥፍሬ አልተያዘም። ዘይቱ ግን ወደ ታች ወርዶ ካሊፐሩ ላይ ደርቋል።

ዳዶ_13 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05

እንግዲያው ግዛው፣ የኦሪንጉን፣ የሸራውንና የካቴናውን ስብስብ ቀንሰህ። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦም፣ በእሳት ተጠብሶም አይመለስም፣ ይቀየራል። ዲስኩን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ከ40 ወደ 10 በለስላሳ ፍሬን 20 ጊዜ ያህል አውርደው፣ በየመሃሉ እያቀዘቀዝክ፤ እስከዚያ አይነክስም። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነም በዚያው ዶት 4 አስቀይረው፣ ክፍት ጠርሙስ ውስጥ ከከረመው ሳይሆን አዲስ ከተከፈተው።

እታለም_ሞተር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከሻጩ እስከ ጋራዡ ድረስ ግን አትንዳው። በፒክአፕ ይጫን፣ የፊት ጎማው ጥግ ላይ ተደግፎ፣ ገመዱ ከመሪው እጀታ ሳይሆን ከፊት ሾኩ ታችኛ ማያያዣ ላይ ይታሰር። ፌሪንጉ ላይ ገመድ ያሰረ ሰው ሲደርስ የሚያገኘው ስንጥቅ ነው።